ለማይክሮስኮፑ ያልተጠየቀው በጀት

በበጀት መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ የምርምር ተቋማትን ጥያቄ የምትመረምረውን ሴት ባልደረቦቿ መቀሷ ይሏታል። ስሙ አያስከፋትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፕሮፌሰሮችን ምኞት ስትከረክም ኖራለች። ሰሞኑን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ያረፈውን ሰማያዊ ማህደር ባየች ቁጥር ሌላ ወረቀት ትደርብበታለች።

ማህደሩ የዶክተሯ ነው። ዶክተሯ የአንድ ቤተ ሙከራ ኃላፊ፣ የጥንት የክፍል ጓደኛዋ ናት። ፊዚክስ አብረው ሲጨርሱ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለአንድ ሰው ብቻ መጣ። በውጤት መቀሷ ትበልጥ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን አፏ ተሳሰረ። ጓደኛዋ ፈታኞቹን ስታስቅ ቆይታ ወጣች፤ የሄደችውም እሷ ናት።

ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ አሉ።

“ያቺ ጓደኛሽ ዛሬም በቴሌቪዥን ወጣች። እንዴት ያምርባታል! እንዳንቺ ፊቷን አታጠቁርም።”

“እማዬ፣ እሷ ካሜራ ፊት ነው የምትውለው፤ እኔ ወረቀት ፊት።”

“ወረቀት ፊት ታዲያ ፈገግ ማለት ክልክል ነው?”

መቀሷ በማህደሩ ውስጥ ያለውን ሰነድ አራት ጊዜ አነበበችው። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መግዣና ለሕንጻ ማሠሪያ የካፒታል በጀት ተጠይቋል፤ ስሌቱ እንከን የለውም። በአምስተኛው ንባብ ግን አገኘችው። መሣሪያው ከተተከለ በኋላ በየዓመቱ ለሚበላው መብራት፣ ለመለዋወጫው፣ ለቴክኒሻኖቹ ደሞዝ ከመደበኛው በጀት ሰባራ ሳንቲም አልተጠየቀም። ተመራማሪዎች የሚያዘወትሩት ስሕተት ነው፤ ዕቃው ከተገዛ ሁሉም ያለቀ ይመስላቸዋል። ዝም ብትል ማይክሮስኮፑ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ከዚያ ከነላስቲኩ ተገትሮ አቧራ ይጠጣል። እሷን የሚጠይቃት የለም፤ ጥያቄውን አሟልቶ ማቅረብ የጠያቂው ፈንታ ነው።

ሦስት ቀን ይህችን ሐሳብ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታገላብጣት ሰነበተች።

ተቋማቱ ቀርበው ጥያቄያቸውን በሚያስረዱበት ዕለት ዶክተሯ ስትገባ የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ እንኳ ከወንበራቸው ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። እሷ ግን በቀጥታ ወደ መቀሷ ሄዳ ጉንጯን ሳመቻት።

“አንቺ! ዛሬም በእርሳስ ነው የምትጽፊው?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። መቀሷም እንደ ሰው ለመሳቅ ሞከረች።

ዶክተሯ ሃያ ደቂቃ አስረዳች፤ ቤቱ በአድናቆት ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ። “እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ...” አሉ ሰብሳቢው።

መቀሷ ዝም ልትል ቆርጣ ነበር የመጣችው። ነገር ግን ዝም ካለች ዛሬ የሚታየው የጓደኛዋ ድል ብቻ ነው። ውርደቱ የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እሷ በሌለችበት ነው። ቅናቷ እስከዚያ መታገሥ አቃተው።

“ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ። ዶክተር፣ መሣሪያውን የሚያሠራው ማነው? መብራቱንስ ማን ይከፍልልዎታል? የመደበኛ በጀት ገጽዎ ባዶ ነው።”

ዶክተሯ ገጹን ገለጠች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ መቀሷ በዓይኗ አየች፤ ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየላትም።

“ጉዴ ፈልቶ ነበር!” አለች ዶክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አመሰግናለሁ።”

“እንዲህ ያለ ትሕትና ከኃላፊ አይተን አናውቅም” አሉ ሰብሳቢው፣ የጎደለው በዕለቱ እንዲሟላ አዝዘው ጥያቄውን አጸደቁላት። ስሕተት ማመን እንኳ ያምርባታል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በመቀሷ ቢሮ ተቀምጠው ገጹን ሞሉ። ዶክተሯ ድንገት ቀና አለች።

“ቆይ፣ ይህን መቼ ነው ያየሽው?”

“የዛሬ ሦስት ቀን።”

“ስልኬ አለሽ እኮ።”

“አለኝ።”

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አንሥታ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች።

“ቴክኒሻኖቹን ሦስት ብታደርጊያቸውስ?” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ሁለት ይበቃሉ” አለች መቀሷ፣ ገጹም ላይ እንዳለ ማኅተም መታችበት።