ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው

ጥድፌ ይሏታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ፋብሪካው ነው ያወጣላት። መቀመጥ አይሆንላትም። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው፤ ስልክ የምታወራው እየተንጎራደደች ነው፤ ተኝታ እንኳ እግሯ ሥራ አይፈታም ይላሉ። አፏ ግን ሌላ ነው። እግሯ በሮጠ ቁጥር አፏ ይታሰራል። ያልገባትን ነገር ሰው ጠይቃ ከማወቅ፣ ዞራ ዞራ ራሷ ብትደርስበት ትመርጣለች። "እህ" ትላለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ብቻዋን ስትብሰለሰል ትውላለች።

የምትሠራው ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቁልፍ ክፍል። ማሽኑን በእግሯ እየረገጠች በሰዓት ሦስት መቶ ቁልፍ ትተክላለች። ለዚህ ሥራ እግሯ ተመችቷታል፤ እግር የሚፈልግ ሥራ ነው። የሙከራ ጊዜዋ ስልሳ ቀን ሲሆን፣ ሃምሳ ዘጠኙን ያለ አንዲት ስህተት ጨርሳለች። ሱፐርቫይዘሩ፣ በዕድሜ ታናሿ የሚሆን፣ ሰዓቱን በደቂቃ አሥር ጊዜ የሚያይ ልጅ፣ ቀድሞ ነግሯታል።

"በስልሳኛው ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ትቀርቢያለሽ። ፈርመሽ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካረፈድሽ ግን አላውቅሽም፣ አታውቂኝም።"

ቋሚ መሆን ለጥድፌ የወረቀት ነገር አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፤ ሌላ ከተማ፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ነው ያለችው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ "ሥራ አገኘሁ" ብላ ልጅቷን አስመጥታት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሥራው አልሆን ብሎ መልሳታለች። በሦስተኛው እህቷ ጨከነች።

"ቋሚ ሁኚና በሳምንቱ እልክልሻለሁ" አለቻት። "እስከዚያ ግን ልጅቷን እንደ ሻንጣ ወዲህና ወዲያ አላመላልሳትም። ትምህርቷ አለ፤ ሆዷም አለ፤ ልጅ ሆድ አይብሳትም መሰለሽ?"

እህቷ ብትጨክን አይፈረድባትም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ሰርቪስ በሚሉት ቃል ነው። ጥድፌ ከተማ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ከቤት ደላላው አፍ ነው። "ላንቺ የምትሆን አንዲት ጥሩ ሰርቪስ አለችኝ" ሲላት፣ ሰው ቤት ተቀጥራ እንድትሠራ የፈለገ መስሏት ፊቷ ቀላ። የሰው ቤት አልሠራም ለማለት ግን አፏ አልታዘዘም። እየተከተለችው ሄደች። ሲደርሱ ከትልቅ ቤት ጀርባ፣ ከውኃ ታንከር አጠገብ፣ አልጋና ሦስት እርምጃ የምትይዝ ክፍል አሳያት። ሰርቪስ ማለት ይቺ ናት ብላ ያዘች።

ፋብሪካ ስትቀጠር ደግሞ ጸሐፊዋ "ሰርቪስ አለን" አለቻት። መኝታ የሚሰጡ መስሏት ደስ አላት። በማግስቱ ሰርቪሱ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ፤ አውቶቡስ ነበር። ሻይ ቤት ስትገባ ሰዎች "ሰርቪሳቸው ቀርፋፋ ነው" ብለው ያማርራሉ፤ በመስኮቱ ብታይ፣ ብታይ፣ የቆመ መኪና የለም። የበሩ ጥበቃ ሽማግሌ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው "የሃያ ሁለት ዓመት ሰርቪስ አለኝ እኮ!" ሲሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት በአውቶቡስ መመላለሳቸው ገርሟት "ጎበዝ ነዎት" አለቻቸው። ደስ አላቸው። እሷም ደስ አላት። ሁለቱ የተደሰቱበት ነገር አንድ እንዳልሆነ ግን ማንም አላወቀም።

በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ማታ፣ ስትወጣ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። ጥድፌ ማስታወቂያ ፊት መቆም ትፈራለች። ፊደል ታውቃለች፣ ግን አንድ በአንድ ነው የምታነሳው፤ ከኋላዋ ሰው እያለ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ መታየቱ ያሳፍራታል። በጨረፍታ አየችው። ሰርቪስ፣ ሰርቪስ፣ ሰርቪስ ይላል። ሦስት ጊዜ። በቃ፣ ሰርቪስ አለ ማለት ነው ብላ አለፈች።

አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው፣ ሳቁ፣ ጫጫታው ሌላ ነው። እሷ የምትወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ልትወርድ ስትል ሹፌሩ በመስተዋቱ አያት።

"ጥድፌ፣ ሰምተሻል አይደል? ነገ ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው!"

"እህ" አለች።

ቤቷ እስክትደርስ ነገሩን ስታገላብጠው ሄደች። ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው። ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል? አውሮፕላን? ሹፌሩ ጨዋታ ይወዳል፤ ሲያሾፍባት ነው ብላ ተወችው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስታ ነጭ የሥራ ካፖርቷን ተኮሰች። አንዴ ተኮሰችና ደግማ ተኮሰችው። ከተለመደው ግማሽ ሰዓት ቀድማ፣ የተዘጋው ጫማ ቤት ጥግ ሄዳ ቆመች። ቆመች ማለት ይከብዳል፤ ከመብራት እንጨቱ እስከ ጫማ ቤቱ፣ ከጫማ ቤቱ እስከ መብራት እንጨቱ። ሌላ ጊዜ እዚያ የሚጠብቁት ሦስት ሴቶች የሉም። ቀድሜ መጥቼ ነው አለች። ቆየች። አሁንም የሉም። አርፍደው ነው አለች። መንገዱን አንገቷ እስኪያማት አየችው።

አንድ አውቶቡስ ብቅ አለ። ቀለሙ የእነሱ አይደለም፤ ግንባሩ ላይ ግን ተጽፏል። ሰ፣ ር፣ ቪ፣ ስ። እሰይ! መኪና ቀይረው ነው አለችና ቆም ከማለቱ ዘላ ገባች።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። አንድም የምታውቀው ፊት የለም። ልጠይቅ፣ አልጠይቅ ስትል አጠገቧ የተቀመጡ ነጭ የለበሱ ትልቅ ሴት ካፖርቷን አይተው ፈገግ አሉ።

"አዲስ ነሽ እንዴ የኔ እናት? የት ክፍል ነሽ?"

"ቁልፍ ላይ ነኝ" አለች ጥድፌ፣ ቀስ ብላ።

ሴትዮዋ ጭናቸውን በእጃቸው መቱ። "ተመስገን! እናንተ፣ ቁልፍ ሠሪ ተቀጥሮልናል! የመድኃኒት ክፍሉ በር ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እምቢ ብሎን፣ በመስኮት ስንገባ ስንወጣ ሰነበትን እኮ!"

ከኋላ አንዱ "ሴት ቁልፍ ሠሪ? ጎሽ!" አለ።

"ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?" አሉ ሴትዮዋ።

ጥድፌ ግራ ገባት። ለተጠየቀችው ግን መመለስ ነበረባት። "እኔ በሰዓት ሦስት መቶ እተክላለሁ።"

"ሦስት መቶ ቁልፍ?"

"ባለአራት ቀዳዳ ከሆነ ነው። ባለሁለት ቀዳዳ ከሆነ ከዚያም በላይ።"

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አውቶቡሱ በዚህ መሐል፣ ወደ ፋብሪካው በሚወስደው አደባባይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባው ወደ ግራ ታጠፈ። የጥድፌ ልብ አብሮ ታጠፈ። መድኃኒት ክፍል? የሐኪም ቤት ሰርቪስ ነው! ተነሳች። ተቀመጠች። ተነሳች። አሁን ብጮህ ሁሉም ዞሮ ያየኛል አለች። ባልጮህስ? ልጄስ?

በዚህ ጊዜ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ የራሷን ሰርቪስ አየችው። ራሱ ነው። ያ የተሰነጠቀ የኋላ መብራቱ፣ ያ ሹፌራቸው በሩ ላይ የለጠፈው የኳስ ቡድኑ ሥዕል። ጎማዎቹ ወልቀው በግንድ ላይ ተቀምጧል።

"ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች። ድምፁ ከየት እንደወጣ ለራሷም ገረማት።

"እህቴ፣ ሰርቪስ ነው እንጂ ታክሲ መሰለሽ?" አለ የሐኪም ቤቱ ሹፌር።

"ሰርቪሴ እዚያ ነው ያለው!"

ሰዉ ሳቀ፤ ሹፌሩም እየሳቀ ፍሬን ያዘ። ሴትዮዋ ከኋላዋ "ኧረ የኛስ በር?" ሲሉ እየተሰማት ወረደች።

ጋራዡ ውስጥ ከአውቶቡሱ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። ጫማውን አወቀችው፤ ሹፌራቸው ነው።

"ጋሼ! ምነው ቀራችሁ?"

እግሩ ተንፏቀቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ በዘይት ጠቁሮ ወጣ። "ጥድፌ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ትናንት ነገርኩሽ አይደል፤ ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው ብዬ!"

"አዎ፣ ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው ብለኸኛል። እኔም ሰርቪሱ ሰርቪስ ነው ብዬ ስጠብቅ..."

"ሰርቪስ ነው ማለት እኮ ሰርቪስ ገብቷል ማለት ነው! ዘይቱ ይቀየራል፣ ፍሬኑ ይታያል፣ ይታጠባል..."

"እሱም ሰርቪስ ነው የሚባለው?"

ሹፌሩ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ከደነው። ስልሳኛ ቀኗ መሆኑን ያውቃል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ሴቶቹ ያወሩት ይህንኑ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለሁለት አሥር ጉዳይ። በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

"በታችኛው በር ውጪ፤ ድልድዩን ተሻገሪ፤ ቀጥ ብለሽ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሩጪ እንጂ!" አለና ትከሻዋን ገፋ አደረጋት።

ጥድፌ ሮጠች። ድልድዩን ተሻገረች፤ የአትክልት ጋሪ ዘለለች፤ አንድ ውሻ ጥቂት ሸኛትና ሰልችቶት ተመለሰ። ዕድሜዋን ሁሉ ያለ ሥራ ሲንቆራጠጥ የኖረ እግር ዛሬ ሥራ አገኘ። ፋብሪካው በር ስትደርስ ግን ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኗል።

"ሁሉም በታክሲ መጡ፤ አንቺ ብቻ..." አሉ ጥበቃው። መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ቢሮ ገባች።

ሱፐርቫይዘሩ ቆሟል። ጸሐፊዋ ወረቀቶቿን ይዛ ተቀምጣለች።

"አራት ደቂቃ" አለ፣ ሰዓቱን ሳያይ። ከዚያ ትከሻዋን አየ። ሁለት ጊዜ የተተኮሰው ነጭ ካፖርት ላይ ባለአምስት ጣት ጥቁር የዘይት እጅ ታትሞበታል። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

ጥድፌ ዞራ አየችው። እሷም ገና ማየቷ ነው። "ሰርቪስ ነው" አለች።

"ትቀልጃለሽ እንዴ? ማስታወቂያ አልተለጠፈም? አታነቢም?" ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሌላውን ቅጂ ቀደደና እጇ ላይ አደረገው። "አንብቢው። ጮክ ብለሽ!"

ይህ ነበር ዘመኗን ሁሉ ስትሸሸው የኖረችው። በሩ ክፍት ነው፤ ሴቶቹ ከማሽናቸው ቀና ብለዋል። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል ጀመረች።

"ማስ...ታወቂያ። ነገ... ሰርቪስ... ሰርቪስ ስለሚሆን... ሰርቪስ... አይኖርም።"

ከውጭ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ሌላዋ ተከተለች። ጸሐፊዋ አፏን በፋይል ሸፈነች።

"አንብቤዋለሁ ጌታዬ" አለች ጥድፌ። "የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።"

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ አነበበው። ደግሞ አነበበው። የጻፈው እሱ ነው። ጆሮው ቀላ።

"ቢሆንም አርፍደሻል። ማስጠንቀቂያ ይጻፍባት!"

"አይቻልም" አለች ጸሐፊዋ ከፋይሉ ጀርባ። "ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለቋሚ ሠራተኛ ነው። ለሙከራ ሠራተኛ ፎርሙም የለን።"

"እና ምን ይደረግ?"

"ወይ ያሰናብቷት፣ ወይ መጀመሪያ ቋሚ ትሁንና ከዚያ ያስጠንቅቋት።"

ሱፐርቫይዘሩ የተከመሩትን ሸሚዞች አየ። ቁልፍ የሌላቸው ናቸው። እንደ ገና ሰዓቱን አየ። "በሉ አስፈርሟት" አለ። "ማስጠንቀቂያው ግን ዛሬውኑ እንዲደርሰኝ!"

ጥድፌ ሁለቱንም ወረቀት በተርታ ፈረመች።

"ሰርቪስሽ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው የሚታሰበው" አለች ጸሐፊዋ ማህተም እየመታች።

ጥድፌ "እህ" ልትል ነበር። ራሷም መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። አቆመችው።

"ይቅርታ፣ የትኛው ሰርቪስ?"

ጸሐፊዋ ቀና አለች። "የሥራ ዘመንሽ ማለቴ ነው፤ እዚህ የቆየሽበት።"

"አሃ። የጥበቃው ሃያ ሁለት ዓመት!"

ማታ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ክፍሏ፣ ከአልጋው እስከ በሩ እየተመላለሰች ለእህቷ ደወለች።

"እትዬ! ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ!"

"ወይኔ! አባረሩሽ?"

"ኧረ ቋሚ ሆኜ ነው!"

"አንቺ ልጅ ደህና ነሽ? ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሽ ነው እንዲህ የምትፈነድቂው?"

ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ጥድፌ ሐኪም ቤቱ ጋ ስትደርስ እህቷ ሳቀች፤ ፊርማው ጋ ስትደርስ ግን ደግማ አስነገረቻት።

"በይ እሺ። እሑድ እልካታለሁ። ይኸው ካላዋራሁ ብላ ቀሚሴን ልትቀደው ነው፤ እንኪ።"

"እማ! የት ነው የምንኖረው?"

"ሰርቪስ ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

"መኪና ውስጥ?"

ጥድፌ ቆመች። ስልክ እያወራች እግሯ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ያኛው ሌላ ነው። ይሄኛው ቤት ነው፤ ትንሽ ቤት፣ ለሁለታችን የምትበቃ።"

"ታዲያ ቁልፍ አለው?"

"የትኛው ቁልፍ?" አለች ጥድፌ።