ሁለተኛው ገጽ

አይናዲስ ሳን ሆዜ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። ከባሏ ከህዝቅያስ ከተፋታች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ልጃቸው ግማሹን ሳምንት እሷ ዘንድ፣ ግማሹን ኦክላንድ አባቷ ዘንድ ነው ያደገችው። ስትወለድ ወንድ ነው ተብሎ ናታን የተባለችው ይህች ልጅ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ «ሴት ነኝ፤ ሄለና በሉኝ» አለች።

ህዝቅያስ በሁለት ሳምንቱ ሄለና ብሎ ጠራት። አይናዲስን ግን አፏ አልታዘዝ አላት። የጸሎት ጓደኞቿም «አባትየው ነው ያበላሸው፤ ልጅሽን ከእጁ አውጪ» ብለው ወጥረው ያዟት። ጠበቃ ያዘችና ልጄን ለብቻዬ ላሳድግ ብላ ከሰሰች።

ጠበቃው ማስረጃ ሲላት፣ ልጅቷ ከማንም አስቀድማ ለእሷ የጻፈችላትን ደብዳቤ አወጣች። «እማ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ዳዲ ቤት ስሆን ሻወር ውስጥ አለቅሳለሁ» ይላል። የሚያስለቅሳት አባቷ ሳይሆን እዚያ ባለው ትልቅ መስታወት የምታየው ሰውነቷ መሆኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ጠበቃው የፊተኛውን ገጽ ብቻ ሲወስድ አይናዲስ እያወቀች ዝም አለች።

ችሎት ላይ ሲነበብ ህዝቅያስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ዓርብ ዕለት ልጃቸውን በሚቀባበሉበት በፍሪሞንት ባቡር ጣቢያ፣ ሄለና እናቷ መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋ «ሌተሬን ለሎየር ሰጠሽው?» አለቻት።

«ላንተው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ፔጅ ቱስ? ሁለተኛውስ?»

አይናዲስ ሞተሩን አስነሳች። ሄለና ወርዳ ወደ አባቷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አይናዲስ ጠበቃዋ እንድትቀመጥ ክንዷን ቢጎትታትም ተነሳችና ሁለተኛውን ገጽ ለዳኛዋ ሰጠች። «የደበቅሁት እኔ ነኝ። አባቷ ምንም አላደረጋትም» አለች። ክሱንም ተወችው። ልጅቷ አባቷ ዘንድ እንድትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ጋ እንድትመጣ ተወሰነ።

ህዝቅያስ ደውሎ «ዘገየሽ እንጂ አልቀረሽም» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሄለና ቅዳሜ ትመጣለች፤ የቀረበላትን በልታ ጆሮ ማዳመጫዋን ትሰካለች። አንድ ቀን አይናዲስ ፊቷ ተቀምጣ «ሄለና፣ በደልኩሽ። ይቅር በይኝ» አለቻት።

ልጅቷ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አወጣች። «ኦኬ» አለች፤ መልሳም ሰካችው።

ይቅር ማለቷ ይሁን በቃሽ ማለቷ፣ አይናዲስ እስካሁን አልገባትም። ሄለና የሚያማትን፣ የምትፈራውን አሁን የምታዋየው አባቷን ነው። ለእናቷ የምትጽፍላት «በስድስት ሰዓት ፒክ አፕ አድርጊኝ» ብቻ ነው። አይናዲስም ከሰዓቱ ቀድማ ትደርሳለች።