የክርስትና ስማችንን የጠየቀን አናጺ

የመንቀሳቀሻ ትዕዛዙ የተነበበልን ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ተሰልፈን ሳለ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። የድንበሩ ጦርነት ከተጀመረ ከርሟል። ልጆቼ ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ጀግንነት መስማት ይወዳሉ። እኔ ያለኝ ግን የአንድ አናጺ ነገር ነው፤ እሱም የሚያኮራኝ አይደለም።

በቡድናችን ሰባት ነበርን። መሪያችን ዐሥር አለቃ ደምሴ የገበዝ ማርያም ሰው ነው፤ ደፋርና ቁጡ። በላይነህና አየነው ከሊበን የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ታደለ ትምህርቱን አቋርጦ የዘመተ፣ ሰይድ ደግሞ አባቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ። ከእኔ ቀጥሎ ሰባተኛው ማቴዎስ ነው። የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ሲሆን ለሥራ ቡሬ መጥቶ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ ከእኛው ጋር ዘመተ። ካቶሊክ ነበር። ቡሬ ላይ የሚሳለምበት የራሱ ቤተ ክርስቲያን አልነበረውም፤ መቁጠሪያውን ከኪሱ እያወጣ «የእኔ ደብር ይቺ ናት» ይለን ነበር።

መቁጠሪያ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ መነኮሳቱ ይይዙታል። የእሱ ግን አምስት ቦታ የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ክፍል ዐሥር ፍሬ ያለው ነው። በየፍሬው ለእመቤታችን ሰላምታ ያቀርባል፤ በየዐሥሩ ደግሞ ከጌታ ሕይወት አንዱን ያስባል። አንድ ቀን ምን ይጠቅምሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ሐሳብ እንደ በሬ ነው፣ ካልጠመዱት የሰው ማሳ ይገባል አለኝ። መድፍ ሲወርድብን ሁላችንም ጭንቅላታችንን ይዘን እንደፋ ነበር። እሱ ፍሬውን እየቆጠረ ይቀመጣል። በዚህ እቀናበት ነበር።

ስህተቱን የሠራው ግንባር በደረስን በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንዱን ዐሥር ለአንድ ሰው እየሰጠ ሊጸልይልን ፈልጎ የክርስትና ስማችንን ጠየቀን። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለንስሐ አባት ይነገራል እንጂ ለማንም አይሰጥም፤ ክፉ ሰው ካገኘው ይደግምበታል ይባላል። ማቴዎስ ይህን አያውቅም። በላይነህና አየነው ተሸማቀው ሰጡት። እኔም ሰጠሁት። ሰይድ የክርስትና ስም ከየት ላምጣልህ ብሎ አሳቀን፤ ማቴዎስም እንዲሁ በሰይድነቱ ያዘው። ታደለ ፈርቶ አልሰጠም፤ ደምሴ ተቆጥቶ እምቢ አለ።

በላይነህ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሞርታር ሞተ። አየነው በአራተኛው ቀን፣ ውኃ ሊያመጣ ወርዶ ተመታ። ሁለቱም ስማቸውን የሰጡ ነበሩ። ምሽጉ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። ማቴዎስ ቀርቦ ሲቀመጥ እንነሣለን፤ በጠጣበት ኮዳ አንጠጣም። የጥይት አገር ነው፣ ሰው ይሞታል ያለ አንድም አልነበረም።

«እየቆጠረ ጨረሰን» አለ ደምሴ።

ሰይድ ዘብ በወጣበት ሰዓት ማቴዎስን ያዝነው። እጆቹን የኋሊት ጠምዝዤ የያዝሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ደምሴ መቁጠሪያውን በሳንጃ በጠሰውና ፍሬዎቹን መጸዳጃ ጉድጓዱ ውስጥ በተናቸው። ማቴዎስ አልታገለም። ስለቀው ክንዱን እያሻሸ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶም በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ያኔ የባሰ ፈራሁት። ብቻውን ጠብቄ ሄድሁበት።

«ስሜን ተወው፤ ሁለተኛ እንዳትጠራኝ» አልሁት።

ትኩር ብሎ አየኝ። «አትጥራኝ ካልኸኝ አልጠራህም» አለ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጠላት ገፍቶ መጣ። ከፊተኛው ቦይ እንድናፈገፍግ ታዘዝን። እየተኮስን ወደ ኋለኛው ቦይ ሮጥን። ማቴዎስ ስልሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው ሆዱን ተመትቶ ወደቀ። ተኩሱ ሲበርድ በሕይወት እንዳለ አየን። ከወዲያ አንድ አልሞ ተኳሽ ነበር፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው ሲሆን ከዚያ በከፋ ቦታ ወጥተን እናውቃለን። ሰይድ ሊወጣ ተነሣ። ደምሴ አንገትጌውን ይዞ አስቀመጠው።

«ለእሱ ብዬ ሰው አላስበላም» አለ።

ማንም አልተከራከረውም። እኔም አልተከራከርሁም።

ማቴዎስ ጸሎቱን ጮክ ብሎ ጀመረ። ነፋሱ ወደ እኛ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋል። ማክሰኞ የሐዘኑን ምሥጢር፣ ማለትም የጌታን ሕማም፣ እንደሚያስብ ነግሮኝ ነበር። ጌታ በአትክልቱ ስፍራ መጨነቁን አሰበና የመጀመሪያውን ዐሥር ለበላይነህ ሰጠ። መገረፉን አሰበና ለአየነው። የእሾህ አክሊሉን ለሰይድ። መስቀል መሸከሙን ለታደለ። በየመሐሉ «ለእኛ ለኃጢአተኞች፣ አሁንም በሞታችንም ጊዜ ለምኚልን» ይላል። ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ውኃ አልለመነም፤ አልረገመንም። ስቅለቱ ላይ ሲደርስ አንድ ዐሥር ብቻ ነው የቀረው።

እኔን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ቦዩ ጠርዝ ላይ አገጬን አስደግፌ፣ ስሜን እንዲጠራ በውስጤ ለመንሁት። አፌን ከፍቼ ጥራኝ ብዬ ብጮህ ይሰማኝ ነበር። ደምሴ አጠገቤ ስለነበረ አፈርሁ።

«ለደምሴ» አለ ማቴዎስ።

ከሰባተኛው ሰላምታ በኋላ ድምፁ ተቋረጠ። ደምሴ ጠመንጃውን ሲጠራርግ ዋለ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ሬሳውን ያነሣነው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ታደለ ሐሙስ ዕለት ሞተ። ደምሴ ቅዳሜ፣ ቦምብ ሊወረውር ሲነሣ ተመትቶ ወደቀ። ከሰባታችን አምስቱ እዚያው ቀሩ፤ እኔና ሰይድ ተመለስን። ስማቸው ከተጠራው ብዙዎቹ ስለሞቱ፣ የማቴዎስ ጸሎት ጥይት ይመልስ ነበር ብዬ ለልጆቼ አልዋሽም። ሰው ሆዱን ተመትቶ የገፉትን በስም እየጠራ የሚማልደው ግን በዚያች ሰዓት ተምሮት አይደለም። በየቀኑ ሲለማመደው እያየሁ ነበር፤ እኔ ድግምት ነው ያልሁት።

ሰይድ አሁን የአባቱን ሱቅ ይዟል። ባለፈው ፍኖተ ሰላም ስወርድ ሱቁ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ስለዚያች ማክሰኞ ተነሣ። ማቴዎስ ለሁላችን ጸልዮ እኔን ብቻ መተዉ ሲከነክነው እንደኖረ ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው።

«በዚያ ስቃይ ላይ ሆኖ ረስቶህ ይሆናል» አለኝ።

«አልረሳኝም» አልሁት። የማቴዎስን እጅ ጠምዝዤ መያዜንም፣ ስሜን ተወው ማለቴንም ያኔ ነገርሁት። ሰይድ የከፈተውን ጣቃ መልሶ ጠቀለለ፤ ሻይም አላዘዘልኝም።