ደወለ ወይስ ወለደ?

ሠፈሩ ሁሉ «መቀሷ» ይላታል፤ ጨርቅም ወሬም ስለምትቆርጥ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ስፌት ቤቷ የሚሰፋው ማስክ ብቻ ነው። ቤቷ ገብታም ከአፏ አታወርደውም። ከስንቱ ደንበኛ ጋር ስትጋፋ ውላ ሳንባቸው ደካማ ወደሆነ እናቷ ነው የምትመለሰው።

ቁልፍ የምትተክልላት ባልደረባዋ፣ «ቤትሽ እንኳ አውልቂውና ከእናትሽ ጋር ተጫወቺ፤ ሰው በበሽታ ብቻ መሰለሽ የሚሞተው? በዝምታም ይሞታል» ብትላት፣ «መቃብር ውስጥ ጨዋታ የለም፣ እቴ!» ብላ ቆረጠቻት።

እናትየው ግን ተለወጡ። ድሮ በጨዋታ የሚረታቸው አልነበረም፤ አሁን ጥያቄና መልሳቸው አልገናኝ አለ።

«እማዬ፣ ክኒኑን ወሰድሽ?»

«ክዳኑንማ ገጠምኩት።»

«ወንድሜ ደወለ።»

«ወለደ? እሰይ! ምን ወለደ?»

ወንድምየው ሚስት እንኳ የለውም። መጀመሪያ እህትና ወንድም ሳቁበት። ኋላ ግን ወንድምየው፣ «እማዬ ጃጅታለች። መጦሪያ ቤት አግኝቻለሁ፤ ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። መቀሷም እያለቀሰች እሺ አለች።

በማግስቱ የእናቷን ልብስ ስታጥፍ ትንፋሽ አጠራት። መስኮቱን ከፍታ ማስኳን አወረደች። እናቷ ከወዲያኛው ጥግ ተቀምጠዋል። «ልትሄጂብኝ ነው» አለች፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ።

«የት ነው የምሄደው?» አሉ እናቷ።

መቀሷ ክው አለች። ድምፅ አላወጣችም እኮ! አሁንም ያለ ድምፅ፣ «ወንድሜ ደወለ» አለች።

«ደወለ? ምን አለ?»

ነገሩን ልብ በሉት፤ እጅግ የሚገርም ነው! የሁለቱ ቃላት ፊደል ያው ነው፤ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። የደከመ ጆሮ ያምታታቸዋል። ከንፈር ግን «ወለደ» ሲባል ገና ከጅምሩ ይሞጠሙጣል፣ «ደወለ» ሲባል ዘግይቶ። እናትየው ለዓመታት የሰሙት በዓይናቸው ኖሯል፤ ያንን የዓይን ጆሮ የደፈነችው ደግሞ ልጃቸው፣ በገዛ መርፌዋ በሰፋችው ማስክ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? እኔማ እሰማ ነበር። መናገር የተዋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ወንድምየው ግቢ ሲገባ መቀሷ በመስኮቱ ጮኸች። «እዚያው ቁም! አትጠጋ! ማስክህን አውልቅ!»

«አብደሻል? አንቺ ነሽ አውልቅ የምትይኝ?»

«አልጃጀችም፣ የምትሰማው ከከንፈር ነው! አውልቅና ወዴት እንደምትወስዳት ራስህ ንገራት!»

አወለቀ። እናቱ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ከንፈር ከንፈሩን ያዩታል። «በል እንጂ ልጄ፤ ወዴት ነው?»

የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

«የትም» አለ በመጨረሻ። «የትም አትሄጂም።»