ቱርቦ የገጠምኩላት ላንድሮቨር

በደርግ ጊዜ፣ የጦር አውሮፕላን ሁላችንንም በሚያስበረግግበት ዘመን ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ ዓመት ሙሉ ለፍቼ፣ ከተገለበጠ ካሚዮን የተፈታ፣ አየር እየነፋ ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አሮጌዋ ላንድሮቨሬ ላይ ገጠምኩ። ልሞክራት ወጣሁ። እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ስለሆነ ነዳጅ ሳልሰጣት ወረድኩ። ገበያው ዳር ሜዳውን ሳገኝ ነዳጁን ረገጥኩት። ወዲያው ሰማይ የሚሰነጥቅ ፉጨት ተሰማ።

“ሚግ መጣ!” አለና ገበያተኛው በሙሉ ቦይ ውስጥ ተደፋ። እኔም መኪናዬን አቁሜ፣ ዘልዬ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተጋደምኩ።

“አብሽር ልጄ፣ አሏህ አለ” እያሉ በፎጣቸው ራሴን ሸፈኑልኝ።

ሰማዩ ጭጭ ሲል ተነሳን። ሽማግሌው ደጋን ከተማ እንዳደርሳቸው ለመኑኝና ጎኔ ተቀመጡ። ነዳጁን ረገጥኩ። ያ ፉጨት እንደገና ጮኸ፤ ገበያተኛው እንደገና ተደፋ። ሽማግሌው እግሬንና ፊቴን አፈራርቀው አዩ።

“ያ ረቢ! ለካ አብራሪው አንተ ነህ!”