ጾም የገደፈው ወፍጮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መፍቻ አልነካሁም። በመርሳ የወፍጮ ጥገና ቤት የነበራቸው አለቃዬ ጋሼ ኑሩ አንድ ሳፋ ነጭ ጋዝና ብሩሽ ሰጥተውኝ «እጠብ» ብለው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሞተር ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለወፍጮ ከግራና ከተማ ሞተሩን በጋሪ ጭኖ መጣ። ጋሼ ኑሩ «ምን ሆነ?» አላሉትም። «የት ከረመ?» ነው ያሉት። ሰውዬው ጣሪያው በሚያፈስ ቤት እንደከረመ ነገራቸው። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ሞተር ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል እንዴ? ሳቄን ከፊቴ ላይ አንብበውት ኖሮ ሳፋዬን እንደገና ሞሉልኝ።

ያ ጥያቄ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። ውጊያው ከወልድያ ፈቀቅ ብሎ መንገድ እንደተከፈተ፣ ከድልብ በላይ ካለች ትንሽ የደጋ ከተማ መልእክት ደረሰኝ። እትዬ የሺ የሚባሉ ባለወፍጮ «ዕቃው አለኝ፤ የሚገጥምልኝ ሰው ነው ያጣሁት» ብለው ላኩብኝ። በከተማዋ የነበረው የናፍጣ ወፍጮ የሳቸው ብቻ ነው።

እኔ የቆላ ሰው ነኝ። ብርድ ስወድ አልገኝም። ጨው የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገብቼ፣ ሁለት ጃኬት ደርቤ እንኳ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሾፌሩ «ሰይዶ፣ ገና ምኑን አይተህ!» እያለ ሲያሾፍብኝ ወጣን። እውነቱን ነበር። ስንደርስ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። መፍቻ ባነሳ ብረቱ ጣቴ ላይ ይጣበቃል።

እትዬ የሺ ውጊያው ሲቃረብ ሞተሩ እንዳይወሰድባቸው ዕቃውን አስፈትተው ለጎረቤት አከፋፍለውት ነበር። የማስነሻው እጀታ አንዱ ቤት፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጊያ ሌላው ቤት፣ የናፍጣው ፖምፓ ደግሞ ሌላ ቤት። ጎዶሎ ሞተር ማን ይሸከማል ብለው ነው። ብልሃታቸው ደስ አለኝ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ያስቀመጡት አያ አድማሱ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጨርቅ ጠቅልለው ከቤታቸው አምጥተው ሰጡኝ።

ጓዳ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። የእትዬ የሺ ልጅ ብርቄ አራስ ናት። ከተማው ቆሎና ንፍሮ ነው የሚበላው፤ ጉልበት ያለው ገብሱን በሙቀጫ ይወቅጣል። ብርቄ ግን የሸካራው ዱቄት ገንፎ ሆዷን እያመማት ትታው፣ ጡቷ እየደረቀ ነበር።

«ለከተማው ብዬ ጠራሁህ ብል ዋሽቻለሁ» አሉኝ እትዬ የሺ። «ለልጄ ነው።»

መጀመሪያ ልሞ የነበረውን ድንጋይ ወቀርኩት። ቀጥዬ ኖዝሉን ከሞተሩ ውጭ ከናፍጣ ቧንቧው ጋር አስሬ እጀታውን አዞርኩ። ጤነኛ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጫል። ይኼኛው ጠብ አላለም። ደጋገምኩት። ፖምፓው ይገፋል፣ ኖዝሉ አያሳልፍም። ሌላ እንዳልገዛ የወልድያ ሱቆች ተዘርፈው ባዶ ናቸው። እትዬ የሺ ፊቴን አይተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ሞቷል ማለት ፈራሁ።

መቼም ተስፋ አይቆረጥ ብዬ ጫፉን በአፌ ልነፋው ስል ምላሴን አንድ ነገር ነካኝ። ናፍጣ አይደለም። አጣጣምኩት። ቅቤ ነው።

ያን ጊዜ ጋሼ ኑሩ ትዝ አሉኝ።

«አያ አድማሱ፣ ይህ ዕቃ አንቱ ዘንድ እንዴት ከረመ?»

«በክብር ነዋ!» አሉ ኮራ ብለው። ጠመንጃቸውን ዝገት ሳይነካት ያኖሯት ቅቤ እየቀቡ ነው። ኖዝሉንም እንደሷ ሊጠብቁት ቅቤ አቅልጠው ነክረውታል። ቅቤው በቀጭኑ ቀዳዳ ሠርጎ ገባ፣ ውርጩ አረጋው። በመርሳ ሙቀት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

እትዬ የሺ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «አያ፣ በነቢያት ጾም ወፍጮዬን አስገደፉት?»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያ አድማሱ ብቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን አዞሩ። አሳዘኑኝ። እንኳን ቅቤ ሆነ፣ ዝገት ቢሆን አልቆልን ነበር አልኳቸው። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ባይቀቡት ኖሮ በዚያ ጤዛ እውነትም ይበላሽ ነበር።

ነጭ ጋዝ የለም። ኖዝሉን የፈላ ውኃ ውስጥ ከትቼ ቅቤውን አቀለጥኩ፤ ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩት። አሁንም አጣቢ ነኝ። እጀታውን ስናዞር ጉም ሆኖ ወጣ። ገጠምኩት። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንገጫገጨ፣ ተነሳ። ድምፁን የሰሙ ሴቶች ገብሳቸውን ተሸክመው ከየቤቱ ብቅ አሉ።

አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ስለሚጥል የመጀመሪያው ዱቄት ለከብት ነው። እትዬ የሺ አልታገሥ ብለው እጃቸውን ሲሰዱ ደጋግሜ መለስኳቸው። ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸውም። አሸዋው ሲጠራ ዱቄቱን በጣቴ አሽቼ «አሁን» አልኳቸው። በቁና ተቀብለው እየሮጡ ገቡ።

ገንፎው ሲወጣ አያ አድማሱ የተረፈውን ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። አራስ አትጾምም። ለኔም «አንተን ጾሙ አይይዝህም» ተብሎ በቅቤ ቀረበልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ስቆርስ ጾመኞቹ እያዩ ይስቁብኛል። ብርቄ ሳህኗን ጠርጋ በላች። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ቀን ብርዱን ረሳሁት።

ሞተሩን ላየው ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። ስሰናበት ሕፃኑ ጠግቦ እናቱ ጡት ላይ ተኝቶ ነበር።

እናንተ ወደ ሙያው አዲስ የገባችሁ፣ ዕቃ ከመግጠማችሁ በፊት የት እንደከረመ ጠይቁ። የከረመው ደጋ ከሆነ አሙቁት።