ከበሩ ወዲያ የሚዘቀዘቅ ነጠላ

ተማሪዎቼን ስለ ጥናት ሥነ ምግባር ሳስተምር አንድ ነገር አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ልጅ ስታነጋግሩ ወላጅ የሚያይበት እንጂ የሚሰማበት ቦታ አትቀመጡ። ልጁ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር የነገራችሁን ለእናቱም አታውጡ። በአፍ ሲሉት ቀላል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት ስለተመለሱ ልጆች ላጠና መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ አንድ ግቢ ገባሁ። እናቲቱ እንደ እኔ ወሎ ተወልዳ እዚህ የተዳረች ናት፤ ቤቱ ውስጥ አማርኛም ትግርኛም ይነገራል። ልጅቷን ከማነጋገሬ በፊት ወደ ጓዳ ሳበችኝና የባሏ መርዶ እንደመጣ ነገረችኝ። ለልጅቷ ግን ሱዳን ነው ያለው ብላታለች። ፈተናዋን ትጨርስና ሽማግሌ አስመጥቼ በማለዳ አስነግራታለሁ አለች። እስከዚያ ቤት ውስጥ ጥቁር አትለብስም።

ከልጅቷ ጋር ግቢው ጥግ፣ ሎሚው ሥር ተቀመጥን፤ እናት በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ስለ አባት አንድም ቃል አላነሳሁም። ስለ ሂሳብ፣ ተጣበው ስለሚቀመጡበት ዴስክ አወራን። ተጫዋች ልጅ ናት፤ በትግርኛዬ ሳይቀር ሳቀችብኝ። መቅረጫውን ዘግቼ ስነሳ ቀሚሴን ያዝ አደረገችው።

«እትየ፣ አባቴ እንደሞተ ዐውቃለሁ። እማዬ ከበር ስትወጣ ነጠላዋን ለሐዘን ታዘቀዝቀዋለች፤ ስትመለስ ታስተካክለዋለች። ማወቄን ግን እንዳይነግሯት። እንዳልጠረጥር ብላ ነው እህል የምትቀምሰው።»

ሆድ ይፍጀው ይባላል። የዚያች ልጅ ሆድ ምን ያህል ቢሆን ነው ይህን የሚፈጀው? እንባዬ መጣ፤ እናት ታየኛለችና ዋጥኩት።

እናት ታክሲ ላሳፍርሽ ብላ ተነሣች። በሩ ጋ ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስለ አባቷ አነሳችብሽ?» አለችኝ።

ስለ ትምህርት ነው ያወራነው አልኳት። ፊቷ ፈካ፤ ተመስገን፣ አልጠረጠረችም አለች። ያን ጊዜ የማስተምረው ሁሉ አስጠላኝ። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደባብቀው ያለቅሳሉ፤ የሁለቱንም የማውቀው እኔ ነኝ፣ አፌ ደግሞ ታስሯል።

በሩን እንዳለፍን ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ አዘቀዘቀችው። ወደ ኋላ አላየችም። እኔ አየሁ። ልጅቷ በበሩ ክፍተት ታየን ነበር፤ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ሎሚው አዞረች።